ሁለተኛ በር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና አመራሮች፣
የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፤



የዛሬው ንግግር ርዕስ አውሮፓውያን በኃይል፣ በንግድና በቴክኖሎጂ ራሳቸውን ለመቻል የሚያደርጉት ጥረት ነው። ጉዳዩ ከማሳና ከመጋዘን የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እህሉን የሚረከበው ነጋዴ አንድ ብቻ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ገበሬ ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ገዢው አንድ ሲሆን ዋጋ የሚቆርጠውም፣ ሚዛን የሚይዘውም እሱ ነው። ሻጩ አንድ ሲሆንም ያው ነው። በአውሮፓ የታየው ይኸው በመሆኑ፣ ከብዙዎቹ አገሮች የአንዲቱን ታሪክ ማየት ይበቃል።

በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኘው ሊትዌኒያ 3 ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በማርች 1990 ከሶቪየት ኅብረት ተለይታ ነፃነቷን ስታውጅ፣ ሞስኮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነዳጅ ዘጋችባት፤ ጋዝም ቀነሰችባት። ከዚያ በኋላ ባንዲራዋን ብታውለበልብም የጋዝ ቧንቧው የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። በክረምት ቤት የሚሞቀውና ፋብሪካ የሚሠራው ከአንድ የሩሲያ ኩባንያ በሚገዛ ጋዝ ሲሆን፣ ዋጋው በአውሮፓ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

ሊትዌኒያ መፍትሔውን ያገኘችው በባሕር በኩል ነው። ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ስለሚሆን እንደማንኛውም ሸቀጥ በመርከብ ሊጓዝ ይችላል። ፈሳሹን ተቀብላ ወደ ጋዝ የምትመልስ መርከብ በደቡብ ኮሪያ ተሠርታ፣ ከኖርዌይ ኩባንያ ለ10 ዓመት በኪራይ ተወስዳ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ክላይፔዳ ወደብ ደረሰች። ስሟም «ኢንዲፔንደንስ»፣ ማለትም «ነፃነት» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መርከቧ ገና ሳትደርስ፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር የሩሲያው ኩባንያ ዋጋውን ቀነሰ። ሁለተኛው በር ከመከፈቱ በፊት፣ ሊከፈት መሆኑ ብቻ ዋጋ አስቀንሷል።

ይሁን እንጂ በሩ በነፃ የተገኘ አልነበረም። የመርከቧ ወጪ በጋዝ ተጠቃሚዎች ሒሳብ ላይ ተጨመረ። ከአገሪቱ ትልቁ የጋዝ ተጠቃሚ የነበረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ክፍያውን ተቃውሞ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ቧንቧው ጋዝ እያመጣ ለመርከብ መክፈል ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄም ለዓመታት ይነሣ ነበር።

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በፌብሩዋሪ ወር ሩሲያ በዩክሬን ላይ ሙሉ ጦርነት ስትከፍት፣ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ከሚያስገባው ጋዝ 45 በመቶ ያህሉ የሩሲያ ነበር። በቀደሙት ዓመታት ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት 20 ዩሮ አካባቢ የነበረው ዋጋ በኦገስት ከ300 ዩሮ በላይ ወጣ። የራሷ የፈሳሽ ጋዝ መቀበያ ያልነበራት ጀርመን በጥድፊያ ሠርታ የመጀመሪያውን ማስገባት የቻለችው በዲሴምበር ነው። ትንሿ ሊትዌኒያ ግን ገና በኤፕሪል፣ ከኅብረቱ አገሮች ቀድማ፣ የሩሲያን ጋዝ መግዛት አቆመች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከላትቪያና ከኢስቶኒያ ጋር ሆና የኤሌክትሪክ መስመሯን ከሩሲያ መረብ አላቅቃ ከአውሮፓ ጋር አገናኘች።

የዚያ ዓመት እሳት ወላፈኑ እዚህም ደርሷል። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲወደድ በአውሮፓ በርካታ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ ወይም አቆሙ። ማዳበሪያ ከውጭ የሚገዛው የኢትዮጵያ ገበሬ ጦርነቱ የት እንደሆነ ባያይም፣ ዋጋውን በኩንታል ከፍሏል።

አውሮፓ ከአንድ ችግር ወጥታ ሌላውን ትታዋለች ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኅብረቱ በመርከብ ካስገባው ፈሳሽ ጋዝ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከአሜሪካ የመጣ ነበር። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በብዛት የሚገዛው ከቻይና ነው። በ2025 የበጋ ወራት በተደረገው የንግድ ስምምነትም አብዛኛው የአውሮፓ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ 15 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት ኅብረቱ ተቀብሏል። በአንጻሩ በጣም ረቂቅ የሆኑትን የኮምፒውተር ቺፖች ማተሚያ መሣሪያ በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ብቻ ነው። ስለዚህ ራስን መቻል ማለት ከማንም አለመግዛት አይደለም፤ አንዱ ሻጭ ፊቱን ሲያዞር ወደ ሌላው መሄድ መቻል፣ ሌላውም የሚፈልገውን ነገር በእጅ መያዝ ነው።

አውሮፓውያን የተሳካላቸው አብረው ሲሠሩ፣ የተጎዱት ሲለያዩ ነው። ስድስት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1951 የድንጋይ ከሰላቸውንና ብረታቸውን በጋራ ለማስተዳደር ሲፈራረሙ፣ ለዛሬው ኅብረት መሠረት ጣሉ። በ2022 የበጋ ወራት ግን እያንዳንዱ አገር ማጠራቀሚያውን ለመሙላት በየፊናው ሲሻማ አንዱ በሌላው ላይ ዋጋ አስወደደ። በማግስቱ፣ በ2023፣ የየኩባንያውን ፍላጎት ደምረው በአንድነት ሻጭ መጋበዝ ጀመሩ። ይህ አሠራር ለዩኒየን አባል አዲስ አይደለም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ክቡራትና ክቡራን፤

የሊትዌኒያ መርከብና የዩኒየኑ መጋዘን አንድ ሥራ ይሠራሉ። መጋዘኑ ሲከፈት ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል። ያን ጊዜ አንዳንድ አባል «ነጋዴው በኩንታል ጥቂት ብር አስበልጧል» ብሎ ምርቱን በጎን ይሸጣል። ነጋዴው ያስበለጠው ግን መጋዘኑ ስላለ ነው። መጋዘኑ ባዶ ውሎ የተዘጋ ዕለት ዋጋው ወደ ድሮው ይመለሳል። ዕጣ መግዛትና ምርትን ለማኅበር ማስረከብ ለዚህ በር የሚከፈል ኪራይ ነው። አመራሩም በበኩሉ ሒሳቡን በወቅቱ አስመርምሮ፣ የትርፍ ድርሻውን ሳያዘገይ ከፍሎ፣ አባሉ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ እንዲያይ ማድረግ አለበት።

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ ማኅበር ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ መኪናው ወይም ገዢው አንድ ብቻ የሆነበት ቦታ የቱ እንደሆነ ቢመረምር ይጠቅማል። የወረዳና የዞን ኃላፊዎችም በዚያ ቦታ ሁለተኛ በር እንዲከፈት ቢያግዙ፣ ወጪው ቀላል የሚሆነው ችግር ሳይመጣ በፊት ነው።

መልካም በዓል!