ኳሷ የማን ናት?

ወረታ መገናኛው ላይ መኪና የምትጠብቁ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የምታርሙ፣ ከሱቅ ደጃፍ ሬዲዮ ከፍታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ዛሬ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች እናወጋለን። በ365 ጨዋታ 318 ግብ አስቆጥሯል ይባልለታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከሜዳ ውጭ ያስቆጠረው ነው።

ልጁ የተወለደው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ውስጥ ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ፤ እኚያ ጀርመን አገር ተሻግረው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ በቅኔያቸውና በቀልዳቸው አገር ያወቃቸው ሰው። ልጁ ምላሱን ከአባቱ ወርሷል፤ እግሩን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ስሙ ይድነቃቸው ተሰማ ነው።

ይድነቃቸው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች ይድነቃቸው የተጫወተበትን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ። አምስት ወር ሳይሞላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ኳስ አልከለከለም፤ ያደረገው ከዚያ የባሰ ነው። ጥቁር ከነጭ ጋር አይጫወትም አለ። ለአገሬው ልጆች የብቻቸው ውድድር አበጀላቸው፤ ጊዮርጊስንም ስሙን ቀይሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው። በገዛ ከተማህ፣ በገዛ ሰፈርህ ሜዳ፣ ከማን ጋር መሮጥ እንደምትችል ሌላ ሰው ይወስንልሃል።

ነገሩ የጣሊያን ብቻ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ራትገርስ በሚባል ኮሌጅ ፖል ሮብሰን የሚባል ጥቁር ተማሪ ነበር፤ ኋላ በዘፋኝነቱ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። እዚያ ፉትቦል የሚሉት ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዞ መጋፋት ነው። ሮብሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ልምምድ ሲወጣ የገዛ ጓደኞቹ አፍንጫውን ሰበሩት፤ በኋላም አንዱ እጁን በጫማው ረግጦ ጥፍሮቹን ነቀለበት። ሮብሰን ግን ችሎ ቡድኑ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1916 ግን ከደቡብ የመጣ ኮሌጅ «ጥቁር ካለበት ቡድን ጋር አንገጥምም» ሲል፣ የሮብሰን ኮሌጅ እሺ ብሎ ልጁን ከሜዳ አስቀረው። አፍንጫ መስበሩ የጎረምሳ ጭካኔ ነው እንበል። ያ «እሺ» ግን ከጥፍሩ ይልቅ ያመዋል፤ ከጠረጴዛ ኋላ ከተቀመጡ፣ ክራባት ካሰሩ ሰዎች ነው የመጣው።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተካሄደ። አምስት ቡድን ብቻ፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድንና የእኛው ጊዮርጊስ። ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱት። ይሁን፤ ትናንት አትገናኙም የተባሉት በአንድ ሜዳ ተገናኝተዋል። ይድነቃቸውም እየተጫወተ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ጀመረ፦ የአገሪቱን የስፖርት መሥሪያ ቤት ማደራጀት፣ የኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መመለስ፣ ደንብ መጻፍ። ከዚህ ወዲያ እንግዲህ አንቱ እንበላቸው፤ ባለ ብዕር ሆነዋልና።

ኳስ የሚያንከባልል ሰው ለምን ደንብ ይጽፋል? እስቲ ታኅሣሥ ላይ፣ ሩዙ ከታጨደ በኋላ፣ ከወረታ ዳር ወጣ በሉ። ክረምቱን ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ያጥለቀለቁት ሜዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጥቁሩ መሬት ላይ ድንጋይ ስለሌለ የግቡ ቋሚ ሁለት ነዶ ገለባ ነው። ኳሷ ስንጥቅ ላይ ስትነጥር መንገዷን ትስታለች። አንዱ ልጅ ይመታል፣ ትከንፋለች።

«ገብቷል!»

«ከበረኛው ራስ በላይ ነው፣ አልገባም!»

አግዳሚ የለ፣ ዳኛ የለ። ክርክሩ ሲጦፍ ባለኳሱ ልጅ ኳሷን ብብቱ ውስጥ ይከታትና «እንግዲያውስ እቤቴ ገባሁ» ይላል። በቃ፣ ግቡ ይሰረዛል። የዓለም እግር ኳስ ለብዙ ዘመን እንደዚያው ነበር፤ ኳሷ በአውሮፓውያን ብብት ውስጥ ነበረች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ቀድመው አይተዋል፤ የጻፉት ደንብ ያን ብብት ለማስከፈት ነው።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሊመሠርቱ ተቀመጡ። ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ ነው የምልከው፣ ቅልቅል የለም አለች። ያ የጣሊያን ዘመን ደንብ ቃል በቃል ተመልሶ መጣ። አሁን ግን ያ የተከለከለው ልጅ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጧል። ደቡብ አፍሪካ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች። ከእሷ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ ከዚያም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ያገባብን አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው! ለመርህ የሚከፈል ዋጋ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ብድሩ ግን አልቆየም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አቶ ይድነቃቸው የሚያሠለጥኑት የኢትዮጵያ ቡድን በግብጽ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። ከጃንሆይ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። የአባቱ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በሕግ ከልክሎ ነበር። ያ ሕግ የጠላው ልጅ የአፍሪካን ዋንጫ ከፍ አደረገ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩት። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ሞንትሪያል ላይ አባረረ፤ ለዚያ ከታገሉት ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ የቡሄ ዕለት፣ ከወረታ ሽቅብ ያለችው ከተማችን ስሙን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል። ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ውድድር ስትመለስ አላዩም። በ1988 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ቀላቅላ ዋንጫውን ስታነሳም፣ አምበሏ ነጩ ኒል ቶቬ መሆኑን አላዩም።

በአንድ ነገር ግን ከእሳቸው ጋር አልስማማም። በመጨረሻ ዓመታቸው የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መጉረፋቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ምርጦቻችንን ከላክን እኛ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆነን እንቀራለን ይሉ ነበር። ስጋታቸው አልተሳሳተም። ነገር ግን ያን በገለባ ነዶ መሃል የሚመታውን የፎገራ ልጅ ነገ አንድ የአውሮፓ ክለብ ቢጠራው፣ አትሂድ የሚለው ማን ነው? እናቱ ትላለች? እኔስ እላለሁ? አድማጮቼ፣ እናንተ የምትሉትን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናነበዋለን።