ጨዋታም ልክ አለው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ በየማታው ጠብ የሚያስነሣ፥ እናትን ከልጇ፥ አባትንም ከእናት ጋር የሚያከራክር ነገር ነው። ይኸውም ልጆቻችን «ጌም» እያሉ የሚጠሩት፥ በስልክ፥ በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ወላጅ ለዚህ ጨዋታ የሰዓት ልክ ሊያበጅለት ይገባዋልን? ወይስ ዘመኑ የእነርሱ ነውና ይተዋቸው? አንዱ «ከናካቴው ከቤት ይውጣ» ይላል፤ ሌላው «መንገድ ላይ ከሚውል እቤቱ ተቀምጦ ቢጫወት ይሻላል» ይላል። እኛም በሁለቱ መካከል ያለውን የአባቶችን መንገድ በትሕትና እንፈልግ።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጽና። ጨዋታ በራሱ ኀጢአት አይደለም። ነቢዩ ዘካርያስ የኢየሩሳሌምን መታደስ በተናገረ ጊዜ፥ የሰላሟ ምልክት አድርጎ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ በአደባባይዋ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ናቸው። ጌታችንም በገበያ የሚጫወቱትን ልጆች ለትምህርቱ ምሳሌ አደረጋቸው እንጂ ስለ መጫወታቸው አልነቀፋቸውም። አባቶቻችንም በልደት በዓል ገና ሲመቱ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ፥ ማታ በእሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ ኖረዋል። ስለዚህ ልጅ ስለ ምን ይጫወታል ብለን አንቈጣም። ይልቁንስ የማይጫወት ልጅ ቢኖር ሊያሳስበን ይገባል።

ነገር ግን በቀድሞው ጨዋታና በዛሬው መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። የገና ጨዋታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆማል፤ ሩሩ በጨለማ አይታይምና። የገበጣው ጠጠር ያልቃል። ድብብቆሹም እናት ለራት ስትጣራ ይፈርሳል። ልኩ በጨዋታው ውስጥ ነበረ። የቪዲዮ ጨዋታም ቢሆን በጀመረበት ዘመን እንዲሁ ነበር። በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972) በአሜሪካ አገር ለሕዝብ የቀረበው ፖንግ የተባለው፥ በጠረጴዛ ቴኒስ አምሳል የተሠራው ጨዋታ በሳንቲም የሚሠራ ስለ ነበር፥ ሳንቲሙ ሲያልቅ ተጫዋቹ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት የሚካሄዱት ብዙዎቹ ጨዋታዎች ግን መጨረሻ የላቸውም። አንዱ ዙር ሲፈጸም ሌላው ይጀምራል። በየቀኑ ለሚመጣ ተጫዋች ስጦታ ይሰጠዋል፤ የቀረ ደግሞ ይቀርበታል። ጓደኞቹም ስለሚጠብቁት ጥሎ መነሣት ያሳፍረዋል። ይህ ሁሉ ተጫዋቹ ቶሎ እንዳይነሣ ታስቦ የተሠራ ነው እንጂ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እንግዲህ ልጁ «አሁን እነሣለሁ» ብሎ ሳይነሣ ቢቀር፥ ውሸታም ነው ብለን ፈጥነን አንፍረድበት። በዕድሜ የበሰሉ፥ በሙያም የሠለጠኑ ሰዎች ያሰናዱትን ነገር አንድ የ10 ዓመት ልጅ ብቻውን ይቋቋመው ብሎ መተው ቅን ፍርድ አይሆንም።

በዚህ ላይ የገንዘብ ወጥመድ አለበት። በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚከፈት ሣጥን ያለባቸውን አንዳንድ ጨዋታዎች የቤልጂግ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018) ከቁማር ቈጥሯቸዋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2022) ደግሞ ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚያቀርበው ኤፒክ ጌምስ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህም ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን የግል መረጃ በሚመለከት ለቀረበበት ክስ የተከፈለ ቅጣት ሲሆን፥ 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉ እንዲገዙ ለተደረጉ ሰዎች የሚመለስ ነው። ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፥ በልጁ ፊት የተቀመጠው ነገር እንደ ጠጠርና እንደ ገበጣ ያለ የዋህ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ወላጆች እንዲያውቁ ነው።

ሐኪሞችስ ምን ይላሉ? በግንቦት 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) የዓለም ጤና ድርጅት አባል መንግሥታት ባጸደቁት፥ ከ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከጥር 2022) ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ በጨዋታ መገዛት እንደ ሕመም ተጽፏል። ምልክቱም ሦስት ነው። ሰውየው ጨዋታውን መቈጣጠር ይሳነዋል፤ ጨዋታው ከሌላው ኑሮው ሁሉ ይቀድምበታል፤ ጉዳት እያየበትም አይተወውም። ይህም ኑሮውን እስኪያናጋ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲቈይ ነው ሕመም የሚባለው። እንግዲህ ብዙ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም፤ የታመሙት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን የዚህ ሕመም መልክ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው ምክር ጋር እንደ ምን እንደሚስማማ አስተውሉ። ሐዋርያው የተፈቀደ ነገር እንኳ በእርሱ ላይ ጌታ እንዲሆንበት እንደማይፈቅድ አስተምሯል። ነገሩ ክፉ ነው ወይስ ደግ ነው ከሚለው ጥያቄ ሌላ፥ ጌታው ማን ነው? የሚል ጥያቄ አለ። ልጁ ጨዋታውን ይዞታልን፥ ወይስ ጨዋታው ልጁን ይዞታል?

ስለ ሰዓቱም ልክ ይኸው ድርጅት ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ምንም ስክሪን እንዳያዩ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም ተቀምጠው የሚያዩት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ለትምህርት ለደረሱት ልጆች ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) ባወጣው ምክር ለሁሉ የሚሆን አንድ ቍጥር አላስቀመጠም። ወላጆች የማይዋዥቅ ልክ አበጅተው፥ እንቅልፍ፥ የሰውነት እንቅስቃሴና ለጤና የሚያስፈልገው ሌላው ሁሉ እንዳይነካ እንዲጠብቁ ነው የመከረው። ይህም ትክክለኛ ነገር ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ፥ ቤተሰቡን ረድቶ የሚጫወት ልጅና፥ ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ በአንድ ሚዛን አይመዘኑምና።

መንግሥታትም በሕግ ሞክረውታል። ደቡብ ኮሪያ በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች፤ ከ10 ዓመት በኋላም ሕጉን ሽራ ነገሩን ለወላጆችና ለልጆች ምርጫ መለሰችው። ቻይና ደግሞ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2021) ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዓርብ፥ በቅዳሜ፥ በእሑድና በበዓል ቀን ብቻ፥ ያውም በማታ ለ1 ሰዓት ያህል እንዲጫወቱ ወሰነች። ነገር ግን በአዋቂ ስም የሚገባ ልጅ አልጠፋም። ሕግ ከሩቅ ሆኖ በሩን ይዘጋ ይሆናል፤ ልጁ ለምን እንደ ተከለከለ ግን አጠገቡ ተቀምጦ አይነግረውም። ይህ የእናትና የአባት ሥራ ነው።

ስለዚህ ሥራ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት ማሳደግ እንደሚገባቸው በጻፈው ድርሳን የልጅን ነፍስ በከተማ መስሏታል። ዓይን፥ ጆሮ፥ አንደበትና ሌሎቹም የስሜት ሕዋሳት የዚህች ከተማ በሮች ናቸው፤ ወላጅም ለአዲሲቱ ከተማ ሕግ የሚያወጣ ንጉሥ ነው። እንግዲህ በር ግድግዳ እንዳይደለ ልብ በሉ። ግድግዳ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ በር ግን በጊዜው ይከፈታል፥ በጊዜው ይዘጋል። ጨዋታን ፈጽሞ የሚከለክል ወላጅ በር በሚገባው ስፍራ ግድግዳ ያቆማል፤ ልጁም በጓሮ በኩል ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። በየሰፈሩ የፕሌይ ስቴሽን ቤት አለና፥ ለዳቦ የተሰጠውን ገንዘብ ይዞ ወደዚያ ይሄዳል፤ መዋሸትንም ይማራል። ምንም ልክ የማያበጅ ወላጅ ደግሞ በሩን ሌሊትና ቀን በርግዶ ትቶታል። ጠባቂነት ግን መክፈትንም መዝጋትንም ማወቅ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ጥበብ በጾም አስተምራናለች። ስንጾም ሥጋና ወተት ርኩስ ነው ማለታችን አይደለም፤ በፋሲካ ቀን ያንኑ ባርከን እንበላዋለንና። የምንጾመው «ይበቃል» ማለትን ነፍሳችን እንድትማር ነው። ስለ ጨዋታም ልክ ማበጀት ከጾም ጋር የሚመሳሰል ትምህርት ነው። በጾም ጊዜ ደግሞ አባት ጥሬ ሥጋ እየቈረጠ ልጁን «አንተ ጹም» አይለውም፤ ቤተሰቡ በአንድነት ይጾማል። እንግዲህ እኛ በማዕድ ላይ ስልካችንን እየደባበስን፥ በጸሎት መካከልም መልእክት እየተመለከትን፥ ልጁን «ጨዋታህን ዝጋ» ብንለው ቃላችን ምን ኀይል ይኖረዋል?

የካህኑ የዔሊንም ነገር እናስታውስ። ዔሊ ልጆቹን ጨርሶ ዝም አላላቸውም፤ በቃል ገሥጿቸው ነበር። የተወቀሰው ተናግሮ ስላልከለከላቸው ነው። የእነርሱ በደል ከዚህ ከምንናገርለት ነገር እጅግ የከፋ ነበረ፤ ሆኖም የአባትየው ድካም በብዙ ቤት ይታያል። ከማድ ቤት ሆኖ «ተው!» ብሎ መጮህ፥ ከሩብ ሰዓት በኋላም ደግሞ «ተው!» ማለት፥ ከዚያም ደክሞ መተው፥ ልጁን የወላጅ ቃል ፍሬ የለውም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። በሌላም በኩል ሐዋርያው አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዝዟል። በቍጣ ስልኩን ነጥቆ መሬት ላይ የሚፈጠፍጥ አባት ስለ ትዕግሥት ምንም አላስተማረም።

አንዳንዶቻችሁ ግን እንዲህ ትሉ ይሆናል፤ «እኔ ለእንጀራ ስሯሯጥ እውላለሁ፤ ማታ ደክሜ ስገባ ልጁ ዝም ብሎ ቢቀመጥልኝ ለእኔ ዕረፍት ነው።» ይህን ቃል አንንቀውም። በባዕድ አገር የሌሊት ሥራ ሠርታ ቀን ልጆቿን የምትጠብቅ እናት፥ በአገር ቤትም ብቻዋን የምታሳድግ እናት ሸክማቸው ከባድ ነው። ነገር ግን፥ እናታችን ሆይ፥ ልክ ማበጀት ሸክም መጨመር ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ጥቂት ድካም ተቀብሎ የነገውን ታላቅ ድካም ማቃለል ነው። ዘመድም፥ ጎረቤትም፥ የንስሐ አባትም፥ ሰንበት ትምህርት ቤትም የተሰጡን እንድንረዳዳ ነው፤ እርዳታ መጠየቅም አያሳፍርም።

ስለዚህ ይህን እንመክራለን። መጀመሪያ፥ ከጨዋታው በፊት የሚቀድሙትን እንለይ፤ እንቅልፍ፥ ትምህርት፥ ጸሎት፥ ከቤተሰብ ጋር የሚበላ ማዕድ፥ የእሑድም ቅዳሴ። የሚተርፈው ሰዓት የጨዋታው ድርሻ ይሁን፤ ቍጥሩንም እናትና አባት በአንድ ቃል ይወስኑት፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እንዳይከፍት። ሁለተኛ፥ ማታ ስልኩና መጫወቻው ከልጁ መኝታ ክፍል ወጥቶ ይደር። ሦስተኛ፥ ልጁን በዙር መካከል ድንገት አናስነሣው፤ ጓደኞቹ እየተጫወቱ ሳለ ጥሎ መውጣት ለእርሱ ውርደት ነውና። ዙሩ ሳይጀመር «ልጄ፥ ከዚህ በኋላ ይበቃል» እንበለው፤ ሲፈጸምም በቃላችን እንጽና። አራተኛ፥ አንዳንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠን ምን እንደሚጫወት፥ ከማን ጋር እንደሚነጋገር፥ ምን እንደሚገዛ እንጠይቀው። የማናውቀውን በር ልንጠብቅ አንችልም።

አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጌታችን ክፉው መንፈስ ስለ ወጣለት፥ ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ስለ ተገኘው ቤት የተናገረውን ምሳሌ አስቡ፤ ባዶ በመሆኑ ፍጻሜው ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ። ከጨዋታው የወሰድነውን ሰዓት ባዶውን ብንተወው ልጁ በመሰልቸት ተመልሶ ይሮጣል። ኳስ ይጫወት፤ መዝሙር ይማር፤ ከአያቱ ጋር ተቀምጦ ተረት ይስማ፤ ከአባቱ ጋር በእግሩ ይሂድ። ብዙ ልጅ ወደ ስክሪን የሚሸሸው በቤቱ ውስጥ የሚያጫውተው ሰው አጥቶ ነውና፥ የምንነፍገውን ሰዓት በራሳችን ሰዓት እንካሰው።

እንግዲህ ወላጅ የልጁን ጨዋታ ሊወስነው ይገባዋልን? አዎን፥ ይገባዋል። በፍቅር፥ በምክንያትና በራሱ ምሳሌነት ይወስነው፤ ልጁም ባደገ ቍጥር ቍልፉን ጥቂት በጥቂት ያስረክበው። የጠባቂነታችን ፍጻሜ ልጁ አንድ ቀን ከእኛ ርቆ፥ ማንም ሳያየው፥ በገዛ እጁ መዝጋት ሲችል ነው።

ሕፃናትን ወደ እርሱ አቅርቦ የባረከ መድኃኔ ዓለም ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ ለእኛም የጠባቂነትን ትዕግሥት ይስጠን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።