ፖምፓውን ከመክፈታችን በፊት

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራህ አንድ ነገር በል» ሲሉኝ አፍሬ ነበር። ከመካከላችን ፕሮፌሰር የሆነ አለ፣ ድልድይ የሠራ አለ፣ ውጭ አገር ትልቅ ቦታ የደረሰ አለ። የእኔ እጅ ግን ከተመረቅሁ ጀምሮ ከናፍታና ከግሪስ ወጥቶ አያውቅም። የማወራው ስለማውቀው ነው፦ የጭነት መኪና ሞተር ጉልበት እንዴት እንደሚጨመርና ሞተር እንዴት እንደሚገደል። እኔ መጀመሪያ የተማርኩት ሁለተኛውን ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው የመጣሁት ይህ ፒስተን ምስክሬ ነው። አናቱ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው።

ነገሩ በ1984 ዓ.ም. ነው። ከተመረቅሁ አራት ዓመቴ ነበር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። የአሰብ መስመር ሾፌር የሆኑ አንድ ሰው መጡ። መኪናዋ የራሳቸው ናት፣ ፊያት 682 ኤን 3፣ እኛ «ኤንትሬ» የምንላት። «ልጄ፣ መሐንዲስ ነህ አሉኝ። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ ወገቤን ታጎብጠኛለች። ሁሉም እየቀደመኝ ነው። ጉልበት ጨምርልኝ» አሉ።

ናፍታ ፖምፓው ላይ የመጨረሻውን የናፍታ መጠን የምትወስን ጠመዝማዛ ብሎን አለች፣ ፋብሪካው በእርሳስ ማኅተም የሚያስራት። ማኅተሟን ቆረጥኩና ብሎኗን አንድ ዙር ያህል ከፈትኳት። በምን ለካሁ? በጆሮዬ። ሞተሩን አስጮህኩት፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ቦነነ፣ «እሰይ» አልኩ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አሮጌ መካኒክ ነበሩ፤ ሥራውን ከጣሊያኖች እጅ የተማሩ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ። ጭሱን አይተው «አጎረስካት እንጂ መች አስተነፈስካት?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬ ገና ቀለሙ አልደረቀ! ሰማሁ፣ ግን አላዳመጥኩም።

ሾፌሩ ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ እየሳቁ ነው። በሦስተኛ የሚወጡትን ዳገት በአራተኛ ወጡት። ምሳ ጋበዙኝ። በሦስተኛው ጉዞ ከደብረ ሲና በላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ሙሉ ጭነት እንደያዙ ሞተሩ ተንኳኳና ቆመ። ሁለት ሌሊት ከረዳታቸው ጋር ጋቢና ውስጥ በዚያ ብርድ አደሩ። መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ቴስታታውን ስናወርድ ሦስተኛው ፒስተን ቀልጦ ተበስቷል፣ ካሚቻው ተሸርክቷል።

ዛሬ የመጣሁበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። «ምን ሆና ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ፒስተኑ አርጅቶ ነው፣ ዘይቱም ጥሩ አልነበረም» አልኳቸው። አመኑኝ፤ መሐንዲስ ነኛ። ለጥገናው ባለቤታቸው የወርቅ ሐብላቸውን ሸጡ። አሮጌው መካኒክ አጠገባችን ቆመው ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ብሎኗን በድሮ ቦታዋ መልሼ፣ ፒስተኑን ደብቄ ቤቴ ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ማታ ማታ ቁጭ ብዬ፣ እዚሁ አምስት ኪሎ ያስተማራችሁኝን ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእውነተኛ ሞተር የሠራሁት። መምህራኖቼ ይፍረዱኝ። የኤንትሬ ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 10.7 ሊትር ያህል ነው። ባለ አራት ምት ስለሆነ በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚተነፍሰው። በደቂቃ 1,800 ዙር ቢዞር 9,600 ሊትር አየር መሳብ አለበት፤ በማጣሪያና በቫልቭ በኩል የሚቀረውን ቀንሰን 8,600 እንበል። አሰብ ላይ፣ ሙቀቱም ታስቦ፣ ይህ አየር 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ያው ሊትር አየር 7 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ናፍታ ጥቁር ጭስ ሳያወጣ እንዲቃጠል 20 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ አሰብ ላይ በደቂቃ ግማሽ ኪሎ ናፍታ በደንብ የሚያቃጥለው ሞተር ጣርማ በር ላይ የሚችለው 350 ግራም ነው። ፖምፓው ግን ተራራ መውጣቱን አያውቅም፣ ያንኑ ግማሽ ኪሎ ይረጫል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ጨመርኩበት! የተረፈው ናፍታ ዘግይቶ እየነደደ፣ ግማሹ ጭስ እየሆነ፣ ሙቀቱን ፒስተኑ አናት ላይ ያራግፋል። የፒስተን አሉሚኒየም ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀልጣል፤ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎም ይልፈሰፈሳል። ያን ሁሉ ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሳይነሳ ሲወጣ፣ ለመቀዝቀዝ ፋታ የለውም።

ሒሳቡ አንድ ገጽ አልሞላም። ብሎኗን ከመንካቴ በፊት ልሠራው እችል ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሾፌሩን ፈልጌ ጠራኋቸው፤ «መኪናዋን ያለ ዋጋ ልሥራልዎ» ብዬ። መጀመሪያ ጉልበት የሚባለውን ነገር ረሳነውና ጤናዋን አየን። የየሲሊንደሩን እመቃ ለካን፣ ፋሻዎቹን ቀየርን፣ ቫልቮቹን አሸን አስቀመጥን፣ ኖዝሎቹ በስንት ግፊት እንደሚከፍቱ አየን። ፖምፓውን በመሞከሪያ ማሽን ላይ አሰቀልኩት፤ ስድስቱ መስመሮች እኩል ናፍታ እንዲሰጡ፣ በጆሮ ሳይሆን በመለኪያ ብርጭቆ። የአየር ማጣሪያው ውስጥ የአፋር አሸዋ ሞልቶበት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ጉልበት ጨምርልኝ» ብሎ ከሚመጣው ሰው ብዙው የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው። ጉልበቱ የጠፋው ከእጁ ነው፣ ሌላ መጨመር አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ተርቦ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ሐሳብ ነው፤ የሚባክነው የጭስ ጉልበት ራሱ አየር እንዲያስገባ ማድረግ። እኔ ሞተሩን የእሽቅድምድም መኪና ላደርገው አልፈለግሁም። ትንሽ ተርቦ፣ ግፊቱ ጣርማ በር ላይ የጠፋውን አየር ለመመለስ ብቻ የሚበቃ፣ በባር ሲለካ 0.3 ገደማ። ከዚያ በላይ ብንሄድ የእመቃውን ልክ መቀነስ፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ማጠንከር፣ የገባውን አየር ማቀዝቀዣ መጨመር ሊመጣ ነው፤ ለዚያ ገንዘቡም ዕቃውም አልነበረንም። የጭስ ማውጫውን መያዣ በብየዳ አዘጋጀን፣ ለተርቦው የዘይት መስመር ዘረጋን። እዚህም አልተሳካልኝም፤ ዘይቱ ወደ ታች የሚመለስበትን ቱቦ አጥብቤው ኖሮ ዘይት አፍኖ ሰማያዊ ጭስ አስተፋት። ከመጣቱ ቱቦ የመመለሻው በጣም መስፋት እንዳለበት አሮጌው መካኒክ ናቸው ያሳዩኝ። ይኸኛውን አዳመጥኩ። በመጨረሻ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ጋቢናው ውስጥ ሰካሁና በቀይ ቀለም መስመር አሰመርኩበት፤ «መርፌው እዚህ ከደረሰ ማርሽ ይቀንሱ። ከዳገት ሲደርሱም ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ ተርቦው ይቀዝቅዝ» አልኳቸው።

ቁልፉን ሳስረክባቸው ነው የነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ፒስተኑ አላረጀም። ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ዝም አሉ። ሲጋራቸውን አውጥተው ሳይለኩሱት ያዙት። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ የሐብሉንም ዋጋ በኪሴ ይዤ ነበር። በመጨረሻ ወደ ሞተሩ እያዩ «ታዲያ አሁንስ ስንት ዙር ከፈትካት?» አሉ።

«ምንም። ፋብሪካው ያለው ቦታ ላይ ናት። ማኅተሟንም አስሬአታለሁ።»

ጎንበስ ብለው እርሳሱን በጣታቸው ነክተው አረጋገጡና ሄዱ። ገንዘቡን አልወሰዱም፤ በኋላ ለባለቤታቸው በእጄ ሰጠሁ፣ እሳቸው ተቀበሉኝ፣ ልክም ነበሩ። መኪናዋ ጣርማ በርን በአራተኛ ትወጣ ነበር፣ ያለ ጥቁር ጭስ።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ብሎን የለም፤ ኮምፒውተር ነው ናፍታውን የሚወስነው። ወጣቶቹ ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ፣ «ሶፍትዌሩን ልክፈትልህ፣ ፈረስ ጉልበት ልጨምርልህ» ይላሉ። አንዳንዶቹ እጅግ ጎበዞች ናቸው፣ ከእኔ ብዙ ይበልጣሉ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ አየሩን ከየት አመጣኸው? የጭሱን ሙቀትስ ለካህ? ብዙዎቹ ዝም ይሉኛል። ያው የእኔ ብሎን ናት፣ ልብስ ቀይራ የመጣች።

ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና ከዚሁ ይወለዳል። ተማሪዎቻችሁ ሞተርን በመሞከሪያ አልጋ ላይ አስረው፣ ናፍታ ጨምረው፣ ጉልበቱ ቆሞ ሙቀቱ ብቻ ሲወጣ በዓይናቸው ይዩ። ግማሽ ቀን ይበቃል። በሰው መኪና ላይ ከሚማሩት እዚህ ይማሩት። የሚበላሽ አሮጌ ሞተር ካስፈለገ ከእኔ ጋራዥ አንድ አመጣለሁ፣ ማጓጓዣውን ራሴ እችላለሁ።

ፒስተኑን ለቤተ ሙከራው ትቼው እሄዳለሁ። ከምሳ በኋላ ማየት የምትፈልጉ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ ጣታችሁን ስታስገቡ ብቻ ተጠንቀቁ፣ የቀዳዳው ጠርዝ እስከ ዛሬ ይቆርጣል።