የወሎ ኦፓል፦ ድንጋዩና ስሙ



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ድንጋይ ነው። ለመካነ ሰላም ሰው ድንጋይ ምኑ ይገርመዋል? ማሳው ድንጋይ፣ ካቡ ድንጋይ፣ ገደሉ ድንጋይ። ነገር ግን ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የአገሩ ሰዎች ከገደል ያገኙት ድንጋይ ዓለምን አስደንቋል። ኦፓል ይባላል። በብርሃን ገልበጥ ገልበጥ ሲያደርጉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ እንደ ማርያም መቀነት ያበራል።

ከየት መጣ? ደጋችን የተሠራው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። የቀለጠው ዓለትና አመዱ እንደ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባበረ። ወደ ዓባይ ስንወርድ ከገደሉ አናት መደዳውን የምናየው ጥቁር ዓለት የዚሁ ንብርብር ነው። በደላንታ ውሃ በአመዱ ውስጥ ሲሰርግ፣ የአሸዋና የመስተዋት መሠረት የሆነውን ሲሊካ አሟሟ። ሲሊካውም በየስንጥቁ በዓይን የማይታዩ ኳሶች ሆኖ ተደረደረ። ኳሶቹ በሥርዓት ከተደረደሩ ብርሃንን ወደ ቀለማት ይከፍላሉ፤ ከተዘበራረቁ ግን ቀለም የለም። ኦፓል ያለበት ንጣፍ ውፍረቱ 1 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ስሙስ? በ1990ዎቹ ከመንዝ የወጣ ሌላ ኦፓል ነበረ። ብዙው ይሰነጠቅ ስለነበር የውጭ ገዢ «የኢትዮጵያ» ሲባል ይጠራጠር ጀመር። የደላንታው ሲመጣ «ወሎ ኦፓል» ተባለና ከዚያኛው ተለየ። ዛሬ በባሕር ማዶ ገበያ «ወሎ» የሚለው ስም ራሱ ዋጋ ያወጣል።

ሆኖም የድንጋዩን ጠባይ ገዢው ብቻ ካወቀው ጥቅሙም የገዢው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ይህን እንያዝ፦

አንደኛ፣ የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲርስ ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል። «ከንቱ ነው» ብሎ መጣል ወይም በርካሽ መስጠት አይገባም፤ በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ዋጋው በክብደት ብቻ አይደለም። አንዲት ደማቅ ፍሬ ከብዙ ደብዛዛ ድንጋይ ትበልጣለች። ሳይለዩ በጅምላ መሸጥ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሕይወት ነው። ገደል ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ናዳ የቀበራቸው ወጣቶች አሉ። ድጋፍ በሌለው ዋሻ አንግባ፤ ልጆቻችንንም እንከልክል።

ሚዛኑን አይተን፣ ደረሰኙን አንብበን፣ ሳይገባን ሳንፈርም እንሽጥ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነው!