ሳህኑ ላይ ያላየሁት

ውድ የባቻችን ልጆች፣ “ስለ ሕክምና እንዳታወሪ” ስላላችሁኝ በሳህን ልጀምር።

እኔ በምኖርበት ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ኮትለር የሚባል የሴራሚክ አርቲስት ያስተምር ነበር፤ በ1989 እ.ኤ.አ. አረፈ። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነበር። የፋብሪካ ሳህን ገዝቶ፣ ለሳህን ማስጌጫ የሚሸጡ የታተሙ ሥዕሎችን እየቆራረጠ ይለጥፍና መልሶ እቶን ውስጥ ይከተዋል። ሸክላ በእጅ ካልተሠራ ለሚል ሰው ይሄ ራሱ ድፍረት ነው።

የግራንት ውድን “አሜሪካን ጎቲክ” አይታችሁታል፤ መንሽ የያዘ ገበሬ፣ ከጎኑ የቆመች ሴት። ኮትለር በ1972 እ.ኤ.አ. በሠራው ሳህን ላይ የሴትዮዋን ፊት በገበሬው ፊት ተካው። ቀሚሱም ቤቱም እንዳለ ነው። “ተመሳሳዮች” አለው።

የሳህኑን ፎቶ ሳይ ምኑ እንደተለወጠ አልታየኝም። ልጄ ናት “እማዬ፣ ሁለቱም ወንድ ናቸው እኮ!” ያለችኝ።

ክው አልኩ። አንድ ታካሚዬ ትዝ አለኝ። ሁሌ አንድ ሰው አብሮት ይመጣል፤ እኔም “ወንድምህም ይግባ” እላለሁ። አያርመኝም። መዳፉ ላይ ሽፍታ ወጣበት፤ አለርጂ ነው ብዬ ቅባት አዘዝኩ። መዳፍ ላይ የወጣ ሽፍታ ምን እንደሚያስጠረጥር እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ግን መጠየቅ ያለብኝን አልጠየቅኩም። የቂጥኝ ምርመራ ያዘዝኩለት ዘግይቼ ነው፤ ውጤቱን ስነግረው “ዶክተር፣ ወንድሜ አይደለም” አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

አሁን “አብሮህ የመጣው ምንህ ነው?” እላለሁ። “ሾፌሬ” ያለኝም አለ።