ለሞተ ሞተር መዋጮ የለንም
(በቅሬያችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ መካኒክ አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ በአንድ ጋራዥ የሥራ ትእዛዝና የዕቃ ደረሰኝ ጸሐፊ ነበርኩ። ዳሩ ግን ብዕር ይዞ ዳር የቆመም ያያል። ከሐይቅ ልጆች ብዙዎቹ በደሴና በወልድያ መንገድ በሹፌርነት፣ በረዳትነት፣ በጋራዥም እንጀራቸውን ስለሚበሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ሰው ሚኒባሱን ቴስታታ ሊያስወርድ አመጣ። «ዛሬውኑ ይድረስልኝ» እያለ ልጁን አጣደፈው። ልጁም ምልክት ሳያደርግ የካምሻፍቱን ጥርሳማ መዘውር ነቀለ፤ በኋላም በግምት መለሰው። ሞተሩ ሲነሳ ቀጭ አለ፤ ቫልቮቹ ጎበጡ። ሰውዬው ሦስት ወር ልጆቹን በብድር አበላ። ደረሰኙን ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል። እንደ ቶዮታ 3ኤልና 5ኤል ባሉ የናፍጣ ሞተሮች ይህን የሚያስማማው ቺንጋው ነው። ከተዛባ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

እንግዲህ ጥንቃቄው ይህ ነው፦

1ኛ. ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ጣት ውስጥ ሳለ ማንም እንዳያስነሳው የባትሪው ገመድ ይፈታ።

2ኛ. አንደኛው ፒስተን ላይኛው ጫፍ ይድረስ፤ የካምሻፍቱ፣ የክራንክሻፍቱና የናፍጣ ፓምፑ ምልክቶች ይግጠሙ፤ በቀለምም ይሰመርባቸው።

3ኛ. ቡሎኑ ሲፈታ መዘውሩ በራሱ መያዣ ይያዝ። ቺንጋው መያዣ አይደለም።

4ኛ. መዘውሩ እምቢ ካለ ፑለር በሚሉት መንቀያ ይውጣ፤ በመዶሻና በካቻቪቴ አይደለም። ዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ ሽብልቅ ብረትም እንዳትጠፋ።

5ኛ. ቺንጋው ወልቆ ሳለ አንዱም ዘንግ ለብቻው አይዙር።

6ኛ. ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ ክራንክሻፍቱ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ምልክቶቹ ካልገጠሙ ወይም አንቆ ከያዘ፣ አትታገሉት፤ እንደገና ፍቱት።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ጥፋቱ የልጁ ብቻ አልነበረም፤ ያጣደፈውም ሰው አለበት። እናንተም መኪና ጋራዥ ስታስገቡ «ቶሎ በል» ማለቱን ትታችሁ «ምልክት አደረግህ ወይ? በእጅ አዞርከው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ ለሞተ ሞተር ግን መዋጮ የለንም።

ፈጣሪ መንገዳችንን ያቅናልን።