ከኮሌጅ ትግል ወደ ሙያ ፍልሚያ
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ልጆችና ስለ ስፖርት አንድ ነገር እንድንል ሲጠይቀን፣ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የምንውል ሰዎች ስለ ስፖርት ምን እናውቃለን ብለን ነበር። ነገር ግን በዚህ በናይሮቢ ልጆቻችን ከእግር ኳስና ከሩጫ አልፈው ሚክስድ ማርሻል አርትስ የሚባለውን ፍልሚያ በስልካቸው ሲያዩ ያመሻሉ። አንዳንዶቹም ትምህርቱን ትተን ተፋላሚ እንሁን ማለት ጀምረዋል።

የእኛውም ልጅ ይህንኑ አለን። እኛም እንደ ልማዳችን «ዱርዬ ልትሆን ነው ወይ?» ብለን ጮኽንበት። ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ ተደብቆ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ጥርሱ ተሰብሮ ሲገባ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለን። ጩኸታችን ልጁን አላስቆመውም፤ እውነቱን ብቻ አሳጣን። ስለዚህ ቁጭ ብለን፣ የሚያደንቀውን ሰው ታሪክ ከልጁ ጋር አብረን ተከታተልን። ዛሬ የምናካፍላችሁ ይህንኑ ነው።

ሰውየው ካማሩ ኡስማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 በናይጄሪያ፣ አውቺ በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄዶ በቴክሳስ ግዛት፣ አርሊንግተን ከተማ ኑሮ መሠረተ። እንግዲህ እርሱም እንደ ልጆቻችን የስደተኛ ልጅ ነው። ትግል የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። አሰልጣኙ ካማሩዲን የሚለውን ሙሉ ስሙን መጥራት ስላቃተው «ማርቲ» አለው፤ በዚህም ስም ብዙ ዓመት ተጠራ። ስማቸው በየክፍሉ እየተቆረጠ የሚጠራ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። በኋላ ግን በዓለም ፊት ቀበቶ የታጠቀው ወላጆቹ ባወጡለት ስም ነው።

ብዙ ልጆች የሚያዩት ይህን ቀበቶ ብቻ ነው። ከቀበቶው በፊት ግን ኮሌጅ አለ። ኡስማን መጀመሪያ አዮዋ ውስጥ በዊልያም ፔን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪርኒ ታገለ። በኪርኒ ሦስት ዓመት ተወዳድሮ፣ በየዓመቱ በአገር አቀፉ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ውድድር ከሦስቱ ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በ174 ፓውንድ፣ ማለትም በ79 ኪሎ ገደማ፣ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም ለኦሎምፒክ ለመብቃት በኮሎራዶ ስፕሪንግስ በሚገኘው የኦሎምፒክ ማሠልጠኛ ገባ። ያ ሕልም ሳይሳካ ቀረ። ፊቱን ወደ ሙያ ፍልሚያ አዞረ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2012 የመጀመሪያ ግጥሚያውን አድርጎ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሁለተኛው ግጥሚያው፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013፣ የኮሌጁ ሻምፒዮን በመጀመሪያው ዙር ከኋላ ታንቆ ተሸነፈ። ትግልና ፍልሚያ ቢመሳሰሉም ሕጋቸው ይለያያል። በትግል ሁለቱ ትከሻዎችህ ምንጣፉን ከነኩ ተሸነፍህ፤ ስለዚህ ታጋይ የሆነ ሰው ሲወድቅ ቶሎ ብሎ በሆዱ ይገለበጣል። በፍልሚያ ግን ጀርባህን ከሰጠህ ባላጋራህ አንገትህን ያንቃል። የኮሌጅ ትግል 7 ደቂቃ ነው፤ የሻምፒዮና ፍልሚያ አምስት አምስት ደቂቃ የሆኑ 5 ዙሮች አሉት። በዚያ ላይ ጡጫ፣ እርግጫ፣ ክርን አለ። ከትግል የሚተርፈው ሰውን ጥሎ አጥብቆ የመያዝ ችሎታና ድካምን መቻል ነው፤ ሌላው ሁሉ እንደ አዲስ ተማሪ ከሀ ሁ ይጀመራል።

ኡስማንም እንደ አዲስ ተማረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ወደ ዩኤፍሲ ያስገባውን ውድድር ሲያሸንፍ ባላጋራውን ያሸነፈው በማነቅ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የወደቀበትን ትምህርት አስተማሪ ሆነበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2019 በላስ ቬጋስ ታይረን ዉድሊን በሦስቱም ዳኞች ድምፅ ረትቶ፣ በአፍሪካ ተወልዶ የዩኤፍሲ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቀበቶውንም አምስት ጊዜ አስከበረ።

ውድቀቱንም ልንደብቅ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በሶልት ሌክ ሲቲ ከሊዮን ኤድዋርድስ ጋር ሲገጥም በነጥብ እየመራ ነበር፤ 56 ሰከንድ ሲቀረው ጭንቅላቱን በእርግጫ ተመትቶ ራሱን ሳተ። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2015 በእርሱ የተሸነፈ ሰው ነው፤ ሰባት ዓመት ሲማር ቆይቶ ተመለሰ። ኡስማን ከዚያም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025፣ በ38 ዓመቱ፣ በአትላንታ እንደገና አሸነፈ።

እኛ ነጋዴዎች ስለ ገንዘቡም እንጠይቃለን። ተፋላሚ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ሲገጥም ይከፈለዋል፣ ሲጎዳና ሲተኛ ገቢው ይቆማል። ሱቅ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ለአሰልጣኝ የሚከፈለውም ከራሱ ኪስ ይወጣል። ትምህርት ያለው ልጅ ጉልበቱ ቢከዳው የሚመለስበት በር አለው።

ወላጆች ሆይ! አንከልክል፣ ዝም ብለንም አንልቀቅ። እኛም በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ በመስክ ላይ ትግል ገጥመናል፤ ማንም ዱርዬ አላለንም። ልጁ መታገል ከፈለገ ጡጫ በሌለበት በትግል ወይም በጁዶ ይጀምር። ከመክፈላችን በፊት ቦታውን ሄደን እንይ፤ አሰልጣኙን «የት ተማርክ? ልጅ ሲጎዳ ምን ታደርጋለህ?» ብለን እንጠይቅ። ልጆችም ሆይ! የምታደንቁት ሰው ቀበቶ ከመታጠቁ በፊት የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ መጨረሻውን ብቻ አይታችሁ መጀመሪያውን አትዝለሉ።

የእኛው ልጅ ዛሬ ከትምህርቱ ጎን ቅዳሜ ቅዳሜ ጁዶ ይማራል፤ ወስደን የምንመልሰው እኛው ነን። ተፋላሚ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን ገና አልታወቀም። ሲጎዳ ግን ይነግረናል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማኅበራችንን ለ50ኛ ዓመቱም ያድርስልን።